ሰማዩን የቆራረጥኩበት ክረምት

እዚሁ ደሴ ቁጭ ብላችሁ ሎስ አንጀለስን ማየት የምትፈልጉ ሁሉ፣ መጀመሪያ የጦሳን ተራራ ከፊታችሁ አንሡት። ከተማው እንደ ሰፌድ የተዘረጋ ሜዳ ነው። ተራራ አለው ይባላል፤ እኔ ግን ከመኪናው ጭስ የተነሣ ብዙ ቀን አላየሁትም። አንድ ጠዋት ድንገት ሲገለጥ «ይሄ ትናንት የት ነበር?» ብዬ አክስቴን አሳቅኳት።

ከተመለስኩ ወዲህ የሰፈሩ ሰው ሁሉ «እንዴት ነው አሜሪካ?» ይለኛል። አንዱን ስናገር ሌላው እየተረሳኝ ተቸገርኩ። ስለዚህ ከመነሻዬ ጀምሬ ቀን በቀን ልጽፈው ነው። ያጠፋሁትንም እጽፋለሁ፤ ባልጽፈው አክስቴ ደብዳቤ ልካ ታጋልጠኛለች።

አንደኛው ቀን፣ ሰኞ

ለማታውቁኝ፣ መዲና እባላለሁ። አባቴ ፒያሳ መስተዋት ቆራጭ ነው፤ የደሴ ግማሽ መስኮት በእሱ እጅ ያለፈ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ታናሽ እህቱ፣ አክስቴ ሰኢዳ፣ ሎስ አንጀለስ ትኖራለች። «የስምንተኛ ክፍልን ፈተና በጥሩ ውጤት ካለፍሽ ለክረምቱ ትኬት እልክልሻለሁ» ብላ ነበር፤ አለፍኩ፣ ላከች። የመውጫ ቪዛውን ለማስጨረስ ከቢሮ ቢሮ ሲመላለስ የአባቴ ጫማ ሶል አለቀ።

ለአክስቴ የተላከውን የማር ቆርቆሮ ጭኔ ላይ ይዤ ጎሕ ሳይቀድ በአውቶቡስ ወጣሁ። የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ቆርቆሮውን በሁለት እጄ አቅፌ ያዝኩ። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ሙቀቱ ማሩን አቅልጦት ኖሮ አጠገቤ የተቀመጡት እናት ነጠላ ላይ ፈሰሰ። አፍሬ መሬት ልገባ ስል፣ «አብሽሪ ልጄ፣ ማር ነው። ከእንግዲህ የሚጣላኝ ዝንብ ብቻ ነው» ብለው ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዙልኝ። አዲስ አበባ እስክንገባ የነጠላቸው ጫፍ ጠጉርና አቧራ እየለጠፈባቸው አንድም ጊዜ ፊታቸው አልጠቆረም።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን

መርካቶ የአባቴ ወዳጅ ቤት አደርኩና ማክሰኞ ማታ በረርኩ። ስለ አውሮፕላን ብዙ አልጽፍም፤ ያልተጻፈ የለም። አንድ ነገር ብቻ። በሚያብረቀርቅ ወረቀት የተጠቀለለች ትንሽ ከረሜላ ከምግቡ ጋር ሰጡኝ፤ ለመጨረሻ አቆይቼ ሙሉዋን ጎረስኳት። ቅቤ ነበረች። አስተናጋጇ እያየችኝ ስለነበር እንደጣፈጠው ሰው አላምጬ ዋጥኳት።

አክስቴ አውሮፕላን ጣቢያው ላይ አቅፋኝ ስታለቅስ ዓይኗ ወዲያው ወደ ቆርቆሮው ሄደ። «ማሩ የታለ?» «ግማሹ ሸዋ ሮቢት ቀርቷል» አልኳት።

የምትኖረው ሃውቶርን በሚባል ሰፈር፣ አውሮፕላኖች ከጣሪያው በላይ እየተንጎዳጎዱ በሚያልፉበት አፓርታማ ነው። ከሁሉ የገረመኝ የነዋሪዎቹ አነጋገር ነው። አውሮፕላን ሲመጣ ሰው አፉን እንደከፈተ ዝም ይላል፤ ሲያልፍ ከቆመበት ቃል ይቀጥላል። አክስቴ «አባትሽ ደህና ነው ወይስ ያ የ...» አለችና ቆመች። ጠበቅኋት። «...ወገቡ ሕመም አሁንም አለ?» አለች። በሁለተኛው ቀን እኔም ለመድኩት።

አራተኛው ቀን፣ ሐሙስ

ተኛሁ።

አምስተኛው ቀን፣ ዓርብ

አክስቴ የምትሠራበትን ቦታ ልታሳየኝ ወሰደችኝ። ጋርዴና ይባላል፤ ትንንሽ ፋብሪካዎች፣ መኪና የሚጠግኑ ሰዎችና ችግኝ የሚሸጡ ጃፓናውያን ጎን ለጎን የሚሠሩበት ነው። እዚያ አንድ የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ሚስ ሃሪየትን አገኘኋቸው።

ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። የወንድ ሱሪ ለብሰው፣ ነጭ ጠጉራቸውን በጫማ ማሰሪያ አስረዋል። አክስቴ «ሃሪየት» ብላ በስማቸው ስትጠራቸው ደነገጥኩ፤ እኔ አልቻልኩም። ሥራቸው ባለቀለም መስኮት ነው። ቀለም ያላቸው መስተዋቶች እንደ ሥዕሉ ቅርጽ ይቆረጣሉ፤ ቁርጥራጮቹን የሚያያይዛቸው ከእርሳስ ማዕድን የተሠራ ቀጭን ክፈፍ ነው። ከሩቅ ጥቁር መስመር ሆኖ የሚታየው እሱ ነው። የአክስቴ ሥራ ክፈፉን ማጠፍና መጋጠሚያውን መበየድ ነው።

ለምሳ ዳቦ በዱባ መሳይ ጥሬ ነገር (ኪያር ነው አለችኝ አክስቴ) ሰጡንና በሻይ፣ በአክስቴ አስተርጓሚነት፣ ታሪካቸውን አጫወቱኝ። የለንደን ዳቦ ጋጋሪ ልጅ ናቸው። በእሳቸው አገር ፋብሪካ ሁሉን ነገር አንድ ዓይነት አድርጎ ማውጣት ሲጀምር «እጅ የሠራው ይሻላል» ብለው የተነሡ ባለሙያዎች ነበሩ፤ በዐሥራ ስድስት ዓመታቸው የገቡት ከእነዚያ አንዷ ሱቅ ነው። በትልልቆቹ ሱቆች አንዱ ይሥላል፣ ሌላው ይቆርጣል፣ ሌላው ይበይዳል፤ መስኮቱን ሙሉውን የሚያውቀው ሰው የለም። የሚስ ሃሪየት መምህርት ግን የሣለ ራሱ ይቁረጥ፣ ያላየውንም አይሣል የሚል ሕግ ነበራቸው። በኋላ እህታቸው ሳንባዋን ስትታመም ፀሐይ ያለበት አገር ይሻላታል ተባለና ሚስ ሃሪየት ሦስት ሣጥን መስተዋት በመርከብ አስጭነው ከእሷ ጋር መጡ። እህትየው ድና ሠላሳ ዓመት ኖረች። እሳቸውም በዚያው ቀሩ፤ የዚህን ከተማ ስንቱን መስኮት ሠሩ።

ስንወጣ አክስቴ መኪናዋ ውስጥ እንዲህ አለችኝ። «እጃቸውን አየሽው?»

«ይንቀጠቀጣል።»

«ዓመት ሆነው። ፌርፋክስ ላይ ለሚከፈት ምግብ ቤት መስኮት ሣሉ፤ ሥዕሉ ካለቀ ሁለት ወር አለፈው። አንድ ቁራጭ አልተቆረጠም። ጠዋት ጠዋት መቁረጫውን ያነሡና ‹ዛሬ ብርሃኑ ጥሩ አይደለም› ብለው ያስቀምጡታል። እኔ ልቁረጥ ስል ‹የሣለ ይቁረጥ› ይሉኛል። ምግብ ቤቱ የሚከፈተው የሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ ነው። ወሩ ሲያልቅ ደግሞ ሱቁን ይዘጋሉ። ሶ፣ ስለዚህ ማለቴ ነው፣ ይቺ የመጨረሻ መስኮታቸው ናት፤ እንደማየው ከሆነ አትሠራም።»

እዚህ ላይ አውሮፕላን ሳይመጣ ዝም አለች።

ስድስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ

ፌርፋክስ ሄድን። በፍሪዌይ ነው የሚኬደው፤ ስድስት መንገድ ጎን ለጎን፣ አንድም ላም የሌለበት። መንገዱ ዳር በአማርኛ የተጻፈ የሱቅ ስም ሳይ ጮህኩ።

የምግብ ቤቱ ባለቤት ጋሼ መኮንን ይባላሉ፤ ሸንቃጣ፣ ቁጡ፣ ደግ ሰው። ገና ቀለም እየተቀባ ነበር። እኛ ሙስሊም እንደሆንን ስለሚያውቁ ለብቻው በተገዛ ድስት ሽሮ አሠርተው ጠበቁን። «ድስቱ አዲስ ነው፣ ሥጋ የሚባል አይቶ አያውቅም፣ ብሉ» አሉ። ሦስት ጊዜ አጎረሱኝ፤ አራተኛውን ስሸሽ ጉንጬ ላይ ቀረ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ቀዳዳ ዞሩ፤ በኮምፔንሳቶ ተዘግቷል።

«ሰኢዳ፣ እኔ የጠየቅኩት አንበሳ ነው፣ አንበሳ! ዛፍማ ይኸው ደጅ ቆሟል!»

ደጅ ላይ አዲስ አበባ ያየሁት ያ ወይን ጠጅ አበባ ያለው ጃካራንዳ ቆሟል። ሚስ ሃሪየት የሣሉት እሱን ነው።

«ጋሼ መኮንን፣ ያላዩትን አይሥሉም እኮ» አለች አክስቴ።

«አንበሳ ዙ ውስጥ፣ አራዊት ግቢው ውስጥ አለ! እኔ ራሴ ድራይቭ አድርጌ እወስዳቸዋለሁ።»

«እርስዎው ወስደዋቸው ነበር፣ ረሱት?»

«እህስ?»

«አንበሳው ተኝቶ ነበር።»

«ሶ?»

«ሶ የተኛ አንበሳ ሣሉልዎት፤ እርስዎ እምቢ አሉ።»

ጋሼ መኮንን ሰማይ ሰማይ አዩ። «ለማንኛውም መጋረጃ አዝዣለሁ» አሉ። «የአንበሳ ሥዕል ያለበት። መስኮቷ ካልደረሰች ወይም ካላማረች እሱን እሰቅላለሁ፣ ኦኬ?»

ስምንተኛው ቀን፣ ሰኞ

እሑድ ልብስ ማጠቢያ ቤት ዋልን፤ የሚጻፍ የለውም። ሰኞ ግን ጥፋቴን ያጠፋሁበት ቀን ነው።

አክስቴና ሚስ ሃሪየት የመስኮቱን ቀዳዳ እንደገና ሊለኩ ፌርፋክስ ሄዱ። አክስቴ እኔን መጋዘኑ ውስጥ ትታኝ ስትወጣ «ጠረጴዛውን አጽጂ፤ የማይረባውን ስብርባሪ ጣይ» አለችኝ። እሷ ያለችው ጠረጴዛው ላይ ያለውን ነው። እኔ ግን የመስተዋት ቆራጭ ልጅ ነኝ፤ ከጠረጴዛው በታች ያለውን መደርደሪያም አየሁ።

አባቴ ሱቅ መስተዋት የምለይ እኔ ነኝ። አረፋ ያለበት፣ የተወላገደ፣ አንዱ ጫፉ ወፍሮ ሌላው የሳሳ ከመጣ ለብቻ አወጣለሁ፤ ደንበኛ ይመልሰዋላ! የሚስ ሃሪየት መደርደሪያ ግን ጉድ ነው። አንድ ትልቅ ሰማያዊ መስተዋት አለ፣ እንደ አምቦ ውሃ አረፋ የሞላው። አንድ ጎኑ ጥቁር ሰማያዊ፣ ሌላው ጎኑ ብዙ ታጥቦ የነጣ ሰማያዊ ሸሚዝ የመሰለ። አረንጓዴው ተዥጎርጉሯል። ወይን ጠጁ እንደ ቅቅል ድንች ጎርበጥ ጎርበጥ ይላል። «እኚህን አሮጊት ነጋዴ ተጫውቶባቸዋል» ብዬ ከልቤ አዘንኩላቸው። ጥርት ያለውን፣ ለስላሳውን ነጭ መስተዋት «ከእንግሊዝ ያመጡት ይሄ መሆን አለበት» ብዬ ጠርጌ በክብር አቆምኩት። የሥዕል ክፈፍ መስተዋት ነበር፤ ከማዶ ሱቅ የተገዛ።

የተበላሸውን ስጥል ደግሞ እንደ ባለጌ አልጣልኩትም። ትልቅ መስተዋት እንዳለ ከተጣለ ተፈንጥሮ ቆሻሻ የሚያነሣውን ሰው ይቆርጠዋል፤ አባቴ ያስተማረኝ በመቁረጫ ጭሬ፣ ከሥር መታ አድርጌ፣ በልኩ ሰብሬ እንድጥል ነው። መቁረጫ አገኘሁ። ሰማያዊውን ስድስት ቀጥ ቀጥ ያለ ቁራጭ አደረግኩት። እየዘፈንኩ ነበር። ሁሉንም ከኋላ መንገድ ካለው ትልቅ የቆሻሻ ሣጥን ውስጥ ከተትኩና እጄን ታጥቤ ተቀመጥኩ።

ተመለሱ። ሚስ ሃሪየት ቀጥታ ወደ መደርደሪያው ሄደው ጎንበስ አሉ። ቀና ሲሉ አንድ ነገር ጠየቁ። አክስቴ ተረጎመችልኝ፦ «ሰማዩ የት አለ ይላሉ።»

«የቱ ሰማይ?»

«ሰማያዊው መስተዋት ነዋ። ከእንግሊዝ ካመጡት የቀረው የመጨረሻው። ሃምሳ ዓመት ለደህና መስኮት ያስቀመጡት።»

«እሱማ አረፋ ነበረው» አልኩ። «ጣልኩት።»

አክስቴ ሁለት እጇን ራሷ ላይ አደረገች። «ወይኔ ጉዴ! መዲና! አረፋውማ በአፍ ስለተነፋ ነው! ውበቱ እኮ እሱ ነው!» ያን ጊዜ ከውጭ የቆሻሻ መኪና ሲያጓራ ሰማን።

ሮጥን። መኪናው እኛ ጋ ለመድረስ ሁለት በር ብቻ ቀርቶታል። አክስቴ እየጮኸች እጇን ብታወናጭፍ ሾፌሩ ሰላምታ መስሎት እጁን አወዛወዘላት። ያዳነን ጎረቤቱ ጃፓናዊ ችግኝ ሻጭ ነው። ነገሩን ሳይጠይቅ፣ ሳይቸኩል፣ ፒካፑን አስነሥቶ መንገዱ መሐል አጋድሞ ፓርክ አደረገና ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ሾፌሩ ጡሩምባ ነፋ፤ እሱ ወፍራም ጓንት አምጥቶ ለእኔ አጠለቀልኝ። ቀላል ስለሆንኩ ሣጥኑ ውስጥ የገባሁት እኔ ነኝ። ከሙዝ ልጣጭና ከበሰበሰ ጎመን መሐል እየለቀምኩ አቀበልኩ። ደሴ ውስጥ እንዲህ ሆኜ ብታይ ኖሮ ሰፈር እንቀይር ነበር።

ሰማያዊው ስድስቱም ተገኘ። ወይን ጠጁ ግን ሌላ ነገር ወድቆበት ደቅቋል።

ሚስ ሃሪየት አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ቁራጮቹን አጥበው ጠረጴዛው ላይ ደረደሩና የሚንቀጠቀጥ አውራ ጣታቸውን በአንዱ ጠርዝ ላይ ከዳር እስከ ዳር አስኬዱ።

«ይሄን የቆረጠ ማነው?»

«እኔ» አልኩ፤ እንባዬ እየወረደ ነው።

«ስንት ጊዜ ጫርሽው?»

«አንዴ። አባቴ ሁለተኛ መጫር አይፈቅድም።»

ከስብርባሪው አንድ ሰጡኝና እባብ የመሰለ መስመር ሥለውበት መቁረጫውን አቀበሉኝ። ጫርኩ፣ ከሥር መታ መታ አደረግኩ፣ ለሁለት ተከፈለ። ሚስ ሃሪየት ሁለቱን ቁራጮች አንሥተው መልሰው ገጠሟቸው። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡና ሻይ ጠየቁ።

ከዘጠነኛው እስከ ዐሥራ አንደኛው ቀን

ማክሰኞ ጠዋት ሚስ ሃሪየት የሁለት ወሩን ሥዕል ጠቅልለው አስቀምጠው ነበር። «ሰማዬ አሁን ቀጥ ያሉ ስንጥቆች አሉት» አሉ። «ሰማይ ላይ ቀጥ ያለ ነገር ምን አለ?»

እኔ ጥያቄው ለእኔ አልመሰለኝም፤ ግን አፌ አያርፍም። «የመብራት ገመድ» አልኩ።

አክስቴ ሳትተረጉመው ሳቀች። ስትተረጉመው ግን ሚስ ሃሪየት አልሳቁም። ፌርፋክስ ውሰዱኝ አሉ። ዛፉ ሥር ቆመን ሽቅብ አየን። አበባው ወደ መርገፉ ነው፤ በቅርንጫፎቹ መሐል ገመዶቹ ከምሰሶ ምሰሶ ተዘርግተዋል፤ ወፎች ሰፍረውበታል፣ እንደኛው ሰፈር።

«ሃምሳ ዓመት ያየሁትን ብቻ ነው የምሥለው እያልኩ ኖሬ» አሉ፣ «አንድ ቀን ገመድ ሥዬ አላውቅም። ሁሌ ከሥዕሉ እያነሣሁት ነበር።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ሕጌን አልሽርም። የሣለ ይቆርጣል። አንቺ ልትቆርጪ ከሆነ አንቺም ትሥያለሽ።» ከሰልና ወረቀት ሰጥተውኝ እግረኛ መንገዱ ላይ አስቀመጡኝ።

የመጀመሪያውን አየት አድርገው «ይሄ ዛፍ አይደለም፤ ከዚህ በፊት ያየሽው ዛፍ ነው። ይሄንን እዪ» አሉ። ሁለተኛውንም መለሱት። ጋሼ መኮንን በየመሐሉ ጥላና ሳምቡሳ ያመጡልኛል፤ ድስቱ እንዳለ ሁሉ ዘይቱም ለብቻ መሆኑን እየማሉ። ስድስተኛውን ሚስ ሃሪየት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ግንዱና ቅርንጫፉ የእሳቸው ሥዕል ነው፤ ገመዶቹና ሰባቱ ወፎች የእኔ።

ረቡዕና ሐሙስ ቆረጥኩ። ሚስ ሃሪየት ከኋላዬ ቆመው መስተዋቱን ወደ ብርሃን አንሥተው የትኛው አረፋ የት እንደሚውል ያሳዩኛል። ወይን ጠጁ ደቆ የለ? ጥፍር ጥፍር የሚያክለው ሁሉ አበባ ሆነ። ያለዚያ ያን ያህል ትንንሽ አድርጎ ለመቁረጥ ድፍረቱ አይኖረኝም ነበር አሉ ሚስ ሃሪየት። እኔን ለማጽናናት ይሆናል። አውራ ጣቴን ቆረጥኩት፤ እሳቸው በራሳቸው ጣት ላይ ያሉትን ጠባሳዎች አንድ በአንድ እያሳዩ፣ ይቺ የእገሌ ቤት መስኮት፣ ይቺ የእገሌ፣ እያሉ አሰሩልኝ። አክስቴ ስትበይድ ማሻአላህ፣ ከፍጥነቱ እጇ አይታይም።

ዐሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ዓርብ

ክፈፉ ውስጥ የሞላነው ስቱኮ በደንብ ሳይደርቅ መስኮቱን ጭነን ወሰድነው። ኮምፔንሳቶው ተነሥቶ መስኮቱ ቦታው ገባ።

ሰማዩ ዳመና ነበር። ቀኑን ሙሉ አልገለጠም። ብርሃን የሌለው ባለቀለም መስተዋት አይታችሁ ታውቃላችሁ? የጠቆረ ምጣድ ይመስላል። ጥቁር መስመሮቹ ብቻ ይታያሉ።

ጋሼ መኮንን ወገባቸውን ይዘው ቆሙ። «አንበሳ ጠይቄ የመብራት ገመድ?»

«መብራት የማይጠፋበት አገር ነው ጋሼ፣ ይኩሩበት» አለች አክስቴ።

እሳቸው ግን አልሳቁም። «ሰኢዳ፣ እኚህን ሴትዮ ማሳዘን አልፈልግም። ነገ እንግዳ አለብኝ። እስከ ነገ ትቆይ። ሰው ካልወደዳት መጋረጃውን እሰቅላለሁ።» መጋረጃው መጥቶ ጥግ ላይ ተጠቅልሎ ቆሟል፤ የአንበሳው ጭራ ይታያል። ሚስ ሃሪየት አማርኛ አይሰሙም፤ ጭራውን ግን አዩት።

ዐሥራ ሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ

ከሩቁ ሰፈር ከቫን ናይስ ሳይቀር ሰው መጣ። ቤቱ ጢም አለ። ሚስ ሃሪየት ቀሚስ ለብሰው ከአክስቴና ከእኔ ጋር ጥግ ላይ ተቀመጡ፤ ምግብ ቀርቦላቸው አልነኩትም። መስኮቱን ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ዳመናው እንዳለ ነው። የፌርፋክስ ፀሐይ በዚህ በኩል የምትገባው ከሰዓት በኋላ ብቻ ስለሆነ በየደቂቃው ወደ ውጭ አያለሁ።

ዐሥር ሰዓት ሲሆን ጋሼ መኮንን ወደ መጋረጃው ጥግ ሲሄዱ አየኋቸው። አክስቴ እጄን ጨበጠችኝ።

ያን ጊዜ መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ አንድ ወፍራም ሰውዬ ጮኸ። «ጋሼ መኮንን! ኧረ ይሄ እንጀራ ሻግቷል!»

ጋሼ መኮንን መጋረጃውን ጥለው በረሩ። «ሻግቷል? የኔ እንጀራ? ዛሬ ጠዋት ነው የወጣው!»

«ታዲያ ይሄ ሰማያዊው ምንድነው? ይሄ ደግሞ አረንጓዴ!»

ጋሼ መኮንን ትሪውን አንሥተው እየተራገሙ ወደ ጓዳ ሮጡ። ሌላ ይዘው ተመለሱ፤ አስቀመጡት። ሻገተ። ሦስተኛ አስመጡ። እሱም ከጠረጴዛው ሲደርስ ሻገተ። ሰውየው ባርኔጣውን ማንሣት ጀመረ። ጋሼ መኮንን ላባቸውን ሊጠርጉ እጃቸውን ከትሪው በላይ ሲያሳልፉ እጃቸውም ሻገተ። ቆሙ። እጃቸውን አገላብጠው አዩት፤ ሰማያዊ፣ ወይን ጠጅ፣ በመሐሉ ቀጥ ያለ ጥቁር መስመር፣ መስመሩ ላይ ወፍ። ቀስ ብለው ቀና አሉ።

ፀሐይ ወጥታ ነበር። ሁሉም ዞረ። ስለ መስኮቱ እንዴት እንደምጽፍ አላውቅም፤ አረፋዎቹ እያንዳንዳቸው በርተው ነበር ብዬ ልለፈው።

«ያ ረቢ!» አለ አንዱ። ሌላዋ «የኛ ሰፈር ገመድ እኮ ነው!» አለች። ከዚያ ሳቁ መጣ፤ ወፍራሙ ሰውዬ ራሱ እስኪያለቅስ ሳቀ፤ ልጆች እየተጋፉ ፊታቸውን ብርሃኑ ውስጥ ያሻግታሉ።

ሚስ ሃሪየት የአክስቴን ክንድ ያዙ። «ምን ሆኑ? ምግቡን ለምን መለሱት?»

አክስቴ በሳቅ እየተቆራረጠች ነገረቻቸው። ሚስ ሃሪየት መጀመሪያ አልገባቸውም፤ ደግማ ነገረቻቸው። ያን ጊዜ ተነሥተው ሰዉን ገፋ ገፋ እያደረጉ መስኮቱ ሥር ሄዱ፤ ወፍራሙ ሰውዬ ወንበሩን ለቀቀላቸው። ጋሼ መኮንንን በጣታቸው ጠሩና «የተመለሰውን እንጀራ ለእኔ አምጡልኝ» አሉ።

በዚያ በሚንቀጠቀጥ እጃቸው ቆረሱ። ቁራሹን ከሰማያዊው ወደ ወይን ጠጁ አሳልፈው እያገላበጡ አዩት፣ ጎረሱት፣ ቀስ ብለው አላመጡት።

«ሻጋታው ይጣፍጣል» አሉ።